ባለ ሌቨር ከባድ ጠመንጃ፦ መጀመሪያ ርቀቱን ንገሩኝ

ከሀዋሳ ተነስተው ፈቃድ ካላቸው አዳኞች ጋር ወደ ሙኔሳ ጫካ፣ ወደ ባሌ ወይም ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወጡ ሰዎች ስለ ጠመንጃ ሲያወሩ ክርክሩ ያው ነው፦ የትኛው ይበልጥ ይጥላል? እኔ ጥያቄውን አልወደውም። ትልቅ ካሊበር (የበርሜል ቀዳዳ ስፋት) ያለው ባለ ሌቨር ጠመንጃ፣ ማለትም ቃታውን የከበበውን እጀታ ወደ ታችና ወደ ፊት ገፍቶ በመመለስ የሚቀባበለው፣ የሚመረጠው በርቀት ነው። አውሬው ከ150 ሜትር ወዲህ የሚገኝበት ጥቅጥቅ ያለ ስፍራ ከሆነ ጥሩ መሣሪያ ነው። ከ200 ሜትር ወዲያ ከሆነ ሌላ ያዙ።

ስለዚህ ባሌ ላይ ከሸለቆ ማዶ የቆመ የደጋ አጋዘን ለመተኮስ ለሚያስብ ሰው አይሆንም። ዝግባ ውስጥ ብቅ ብሎ ለሚጠፋ የምኒልክ ድኩላ፣ ወይም ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ለሚሮጥ ከርከሮ ግን ልክ ነው። (ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 እንደተከለከለ፣ ለአደንም ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ እንደሚወጣ አንባቢ ያውቃል ብዬ አልፋለሁ።)

ውጅግራን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ያ የ1874 የፈረንሳይ ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ 25 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይልካል። አሜሪካኖች በ1873 ለሠራዊታቸው ያወጡት የጥይት ዓይነት .45-70፣ ማለትም ፎርቲ ፋይቭ ሰቨንቲ፣ 11.6 ሚሊ ሜትር ስፋትና 26 ግራም ክብደት ያለው አረር በሰከንድ 405 ሜትር ገደማ ይልካል። ሁለቱም የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው፤ ከባድ፣ ዘገምተኛ፣ ቅርብ ላይ ብርቱ። (የጠመንጃዎቹ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ውጅግራ ወደ ታሪክ ሲገባ .45-70 እስከ ዛሬ በፋብሪካ ይመረታል፤ ዛሬ የሚሸጠው አብዛኛው ከባድ ባለ ሌቨርም የሚጎርሰው እሱን ነው።

ከጠመንጃዎቹ እንጀምር። ማርሊን 1895 ቀለሁን በቀኝ ጎን ስለሚወረውር ጀርባው ድፍን ነው፣ ቴሌስኮፕ ይቀበላል፤ መዝጊያውም አንድ ቪቴ በመፍታት ይወጣል። ኩባንያውን ሌላው የአሜሪካ ጠመንጃ ሠሪ ሩገር በ2020 ገዝቶ በ2021 መጨረሻ ማምረት ጀምሯል። ያገለገለ ማርሊን የሚያይ ሰው ግን የሰደፉን እንጨት ከብረቱ ጅራት (ከጠመንጃው አካል ወደ ሰደፉ ከሚገባው ብረት) ኋላ ይመርምር፤ እንጨቱ ብረቱን ተጣብቆ ከተሠራ ርግጫው ይሰነጥቀዋል፣ ስንጥቁም የሚጀምረው እዚያው ነው። የሄንሪ ፋብሪካ .45-70 ከበርሜሉ ሥር ባለው የካዝና ቱቦ አራት ጥይት ይይዛል፤ የውስጥ ቱቦው ከፊት ተስቦ ስለሚወጣ ጥይቱን አንድ በአንድ እያቀባበሉ ማውጣት አያስፈልግም። ብዙ ሰው መኪና ላይ በሚወጣበትና በሚወርድበት ጉዞ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ለእኔ ከመልክም ከስምም ይበልጣል።

ዊንቸስተር 1886 የአሜሪካዊው የጠመንጃ ፈልሳፊ የጆን ብራውኒንግ ሥራ ነው፤ መዝጊያውን ሁለት ቀጥ ያሉ ብረቶች ግራና ቀኝ ስለሚቆልፉት ጠንካራ ነው። አዲሶቹን የጃፓኑ ሚሮኩ ይሠራቸዋል። ቀለሁን ወደ ላይ ስለሚወረውር ቴሌስኮፕ በመዝጊያው ላይ አይቀመጥለትም። 1895ቱ ዊንቸስተር ደግሞ (ከማርሊኑ 1895 ጋር አታምታቱት) ቱቦ ሳይሆን ከሥሩ የሳጥን ካዝና ስላለው ሹል አረር ይቀበላል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሩሲያ ወደ 300,000 የሚጠጋ የገዛችው ይህንኑ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ምሥራቅ አፍሪካ ይዞት የመጣው በ .405 ካሊበር ነበር። በዚያ ካሊበር ጠባቡን የብረት ሰደፍ ትከሻ ላይ ተሸክሞ መተኮስ ግን ለማንም አልመክርም።

አሁን ወደ ጥይቱ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የ .45-70 ቀለህ መጠኑ አንድ ሆኖ በውስጡ ያለው ግፊት ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ለአሮጌዎቹ የ1873 ጠመንጃዎች የተሠራው ለስላሳ ነው። ሁለተኛው ለዘመናዊ ማርሊን፣ ሄንሪና ለአዲሶቹ 1886 ነው። ሦስተኛው እንደ ሩገር ቁጥር አንድ ላሉ አንድ ጥይት ብቻ ለሚጎርሱ ጠንካራ ጠመንጃዎች ነው፣ በባለ ሌቨር አይተኮስም። ሦስቱም በአሮጌው ጠመንጃ ውስጥ ይገባሉ፤ አደጋውም ይህ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ልቅ ጥይት ከሰው ኪስ ተቀብሎ ማጉረስ ክልክል ይሁን።

የቱቦ ካዝና ሁለተኛ ሕግ አለው። በቱቦው ውስጥ ጥይቶች ተከታትለው ይተኛሉ፤ የኋለኛው አፍንጫ የፊተኛውን ካፕሱል (መርፌው ሲመታው ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን) ይነካል። አረሩ ሹልና ጠንካራ ከሆነ በርግጫው ጊዜ ካፕሱሉን ወግቶ ቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ አፍንጫው ጠፍጣፋ መሆን አለበት፣ ወይም ሆርናዲ የሚሠራው ሌቨረቮሉሽን የተባለ ጥይት እንዳለው ለስላሳ የፕላስቲክ ጫፍ። የቀለሁ አፍም በአረሩ ወገብ ላይ ካለው ቦይ ጋር ጠበቅ ብሎ የታጠፈ መሆኑን እዩ። ካልታጠፈ የቱቦው ሞላና ርግጫው አረሩን ወደ ቀለሁ ውስጥ ይገፉታል፤ ባሩዱ ያለበት ቦታ ሲጠብ ግፊቱ ይጨምራል። ርዝመቱም ወሳኝ ነው፦ ከ64.8 ሚሊ ሜትር ያለፈ ጥይት ከቱቦው ወደ በርሜል በሚያነሳው ማንሻ ላይ ይሰነቀራል።

«ለጎሽስ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። የ .45-70 አረር ስፋቱ ከትልቁ የአደገኛ አውሬ ጥይት ከ .458 ዊንቸስተር ማግነም ጋር አንድ ነው፤ ሰዎችን የሚያታልለውም ይህ ስፋት ነው። የጥንቱ 26 ግራም አረር ከአፈሙዝ ሲወጣ 2,150 ጁል ገደማ ጉልበት አለው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ ዝቅተኛ ተደርጎ የሚቆጠረው .375 ኤች ኤንድ ኤች 5,700 ገደማ አለው። ለማርሊን የሚሠሩ ከባድ ጥይቶች ከ4,500 ጁል ሊያልፉ ይችላሉ፤ አረራቸውም ከጠንካራ እርሳስ ቅይጥ ቀልጦ የተሠራ ከሆነ ጠልቆ ይገባል። ጎሽ ጥለዋል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ጎሽ ለማደን የሚመጣ እንግዳ «የቱን ልያዝ?» ካለ መልሱ .375 ነው። ለድኩላና ለከርከሮ 19.4 ግራም ለስላሳ አፍንጫ ያለው ተራ ጥይት ከበቂ በላይ ነው፤ ርግጫውም ይቻላል።

ማነጣጠሪያ። ጫካ ውስጥ የቀለበት ዓይነት የኋላ ማነጣጠሪያ ከፋብሪካው ሹካ ይሻላል፤ ዓይን ራሱ መሃሉን ያገኘዋል። ቴሌስኮፕ ከተፈለገ ከ1 እስከ 4 ጊዜ የሚያቀርብ ይበቃል፤ ዓይንና መስታወቱ ግን ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፣ አለዚያ ቅንድብ ይቀደዳል። 19.4 ግራሙን በሰከንድ 560 ሜትር ገደማ የሚልክ ጥይት 100 ሜትር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ብታስተካክሉት፣ 150 ሜትር ላይ ከዓላማው በታች የሚወርደው 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሳንባ ላይ ያነጣጠረ ሰው እስከዚያ ድረስ ማሰብ አይጠበቅበትም። የጥንቱ ከባድ ጥይት ግን 100 ሜትር ላይ ልክ ቢሆን 200 ሜትር ላይ ከግማሽ ሜትር በላይ ይወርዳል። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለሉ 15 በመቶ ያህል ይሳሳል። ጠፍጣፋ አፍንጫ በአየር ብዙ ስለሚጎተት ልዩነቱ ይሰማዋል፣ በካርቶኑ ላይ ካለው ሠንጠረዥ ትንሽ ያነሰ ይወርዳል። ስለዚህ ሠንጠረዡን አምናችሁ አትውጡ፤ በምታድኑበት ከፍታ ተኩሳችሁ አረጋግጡ።

ስታስተካክሉ በርሜሉን ድንጋይ ወይም ከረጢት ላይ አታስደግፉ። በባለ ሌቨር ጠመንጃ ላይ የካዝናው ቱቦና ማሠሪያ ቀለበቶቹ በርሜሉን ስለሚነኩ፣ የተደገፈበት ቦታ ሲለወጥ የሚመታው ቦታም ይለወጣል። የአሸዋ ከረጢቱ የሚቀመጠው ከፊተኛው እንጨት ሥር፣ ወደ መዝጊያው ቀረብ ብሎ ነው። ሦስት ተኩሱ፣ በርሜሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ከዚያ ቀጥሉ። የጋለ በርሜል ቀለበቶቹን እየገፋ ጥይቱን ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ሲያስኬደው ማነጣጠሪያውን የሚያዞር ሰው ሙሉ ካርቶን ያባክናል።

ርግጫው ከ .30-30 (ከአነስተኛው የባለ ሌቨር ጥይት) ከእጥፍ በላይ ነው፤ በተለይ ጠመንጃው 3.3 ኪሎ ገደማ ሲመዝን። ተኝታችሁ አትተኩሱ፤ ትከሻ ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታ ያጣል። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ ወይም ቁሙ፣ ሰደፉን የትከሻ ጎድጓዳ ውስጥ አጥብቁ፣ በግራ እጅ የፊቱን እንጨት ጨብጡ። የቀኝ አውራ ጣት በሰደፉ አንገት ላይ ተሻግሮ ሳይሆን በጎን ይረፍ፤ ተሻግሮ የያዘ ሰው አፍንጫው በራሱ ጣት ይመታል። ጆሮ ይሸፈን። ልምምዱ በለስላሳው 26 ግራም የእርሳስ ጥይት ይጀመር፤ በከባዱ የጀመረ ሰው ቃታውን ሲስብ ዓይኑን መጨፈን ይለምድና ያንን ማስተው ከባድ ነው።

ሲጎርስ አንድ ዘዴ አለ። የመጉረሻው በር ሞላ ኃይለኛ ነው፤ የመጀመሪያውን ጥይት ጠርዙ በሩ ላይ እስኪቀር ብቻ አስገቡና ቀጣዩን በእሱ ላይ ግፉ። በሩ ስለማይዘጋ አውራ ጣት አይነከስም። የመጨረሻውን ብቻ እስከ ጥግ ግፉት።

ሌቨሩን ስታቀባብሉ ከትከሻ ሳታወርዱ፣ በሙሉ ጉልበትና እስከ መጨረሻው። አዲስ ሰው ሁልጊዜ የሚያጠፋው ይህንን ነው፤ አሳዝኖት ይመስል በግማሽ ይገፋና ባዶውን ቀለህ ሳያወጣ ይመልሰዋል። ማርሊን ላይ ግን ከዚህ የተለየ መሰንቀር አለ። የሌቨሩ ጫፍ ማንሻውን በሚገፋበት ቦታ ላይ ብረቱን ቀስ በቀስ ይቦረቡረዋል፤ ቦታው ሲጎደጉድ ማንሻው በጊዜው ከፍ ስለማይል ሁለተኛው ጥይት ከቱቦው ግማሽ ድረስ ሾልኮ ይገባል። ሌቨሩ ደረቅ ብሎ ይቆማል። በጉልበት አትግፉት። አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጋችሁ ጣታችሁን ከቃታው አርቁ፣ የሌቨሩን ቪቴ በልኩ ካቻቢቴ ፍቱ፣ ሌቨሩንና መዝጊያውን አውጡ፣ በርሜሉ ባዶ መሆኑን እዩ፣ ከዚያ የሾለከውን ጥይት በእንጨት ወደ ቱቦው መልሱት። መፍትሔው የሌቨሩን ስለታም ጠርዝ በደቃቅ ሞረድ ማለስለስ ነው፤ ጉድጓዱ ከጠለቀ ማንሻው ይቀየራል።

አሮጌዎቹ ላይ ሴፍቲ የለም፤ መዶሻውን በአውራ ጣት ይዞ ወደ ግማሽ ማቆሚያው ማውረድ ነው። በዝናብ ረጥቦ በሚንሸራተት ጣት ይህንን ከማድረግ በርሜሉን ባዶ አድርጎ በቱቦው ብቻ ጥይት ይዞ መሄድ ይሻላል፤ ድኩላ ሲታይ አንድ ጊዜ ማቀባበል ከአንድ ሰከንድ አይበልጥም።

ከጉዞ ሲመለሱ የስምጥ ሸለቆ አቧራ ከብዙ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሊጥ ይሆናል፣ የማንሻውንም መገጣጠሚያ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ዘይቱ እጅግ ስስ ይሁን። ማርሊንን ከኋላ ጥረጉት። 1886ን ከአፈሙዝ በኩል መጥረግ ግድ ስለሆነ ዘንጉ የአፈሙዙን ጠርዝ እንዳይፍቀው ማስገቢያ ይደረግለት። ርግጫው ቪቴዎችን ያላላል፤ የሌቨሩን፣ የፊቱን እንጨትና የብረት ጅራቱን ቪቴ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ በልኩ ካቻቢቴ አጥብቋቸው።