ማስክ ውስጥ የገባ ውሃና ሦስት አስተማሪዎች

ስኩባ ዳይቪንግ (የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ውሃ ውስጥ መጥለቅ) ከጀመርኩ ስድስተኛ ትምህርቴን ጨረስኩ። ስለ አስተማሪዎቼ ልጻፍ፤ ምክንያቱም በሁሉም ላይ በመልካቸው ፈርጄ በሁሉም ተሳስቻለሁ።

የመጀመሪያው በር የሚሞላ ጎረምሳ ነው። ሳየው «ይሄ በአንድ እጁ ያወጣኛል» ብዬ ልቤ አረፈ። ሰውየው ጎበዝ ነው፤ ጠልቀን ከመግባታችን በፊት የሚሰጠውን ማብራሪያ ማንም አይደርስበትም። ውሃ ውስጥ ግን ይቸኩላል። ማስክ (ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍን የጠላቂ መነጽር) ውስጥ የገባን ውሃ ማስወጣት ሲያሳየኝ እጁ ሲንቀሳቀስ እንኳ አላየሁም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቴም ውሃውን በአፍንጫዬ ምጌ ወደ ላይ ፈረጠጥኩ። «ወንድ አይደለህ እንዴ?» አለኝ። ፍርሃቴ ላይ እፍረት ጨመረልኝ።

በነገራችን ላይ መፈርጠጥ ቀልድ አይደለም። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከውሃው ወለል እጥፍ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጡ ይቀንሳል። ትንፋሹን ይዞ የወጣ ሰው ሳንባው ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ ሄዶ ይጎዳዋል። ለዚህ ጥልቅ ውሃም አያስፈልግም።

አራተኛው ትምህርት ላይ ሌላ አስተማሪ መጡ። ጠጉራቸው የሸበተ፣ ደቃቃ ሴት ናቸው። «እኔ ብሰምጥ ማን ሊጎትተኝ ነው?» አልኩ በሆዴ። አፍሬ ነው የምጽፈው።

ፊት ለፊቴ ሆነው የራሳቸው ማስክ ውስጥ ትንሽ ውሃ አስገቡ። ዓይናቸው ሥር ደረሰ። ቆዩ። አንድ ጊዜ ተነፈሱ፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ የማስኩን የላይኛ ጠርዝ በሁለት ጣት ጫን፣ አንገት ቀና፣ በአፍንጫ ረጅም ትንፋሽ። ውሃው በሥር ወጣ። እኔንም በትንሽ ውሃ አስጀመሩኝ፤ ቀጥሎ ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ። አለቀ!

የጉልበቱም ነገር ከንቱ ስጋት ነበር። በማዳን ልምምዱ እጥፋቸው የሚሆነውን ጓደኛዬን ሰደሪያውን በአየር ነፍተው፣ ሲሊንደሩን አናቱ ላይ ይዘው ገንዳውን አሻገሩት። አየርም ይቆጥባሉ፦ እኔ ሲሊንደሬ ውስጥ 200 ባር (የአየሩ ግፊት መለኪያ ነው) ይዤ ገብቼ 60 ሲቀረኝ የእሳቸው 140 ላይ ነበር።

ታዲያ «ሴቶች ይታገሣሉ» ብዬ ደመደምኩ። አምስተኛው ትምህርት ላይ የተተካችው ወጣት አስተማሪ ከጎረምሳው ብሳ ታጣድፈን ነበር። ያም ድምዳሜ ገደል ገባ!

ሴት አስተማሪ የዘመኑ ነገርም ይመስለኝ ነበር። ለካ አሜሪካዊቷ ዶቲ ፍሬዚየር ስኩባ አስተማሪ የሆነችው በ1955 እ.ኤ.አ. ኖሯል።

የሚቀጥለው ማስክን ጨርሶ አውልቆ መልሶ ማጥለቅ ነው። እስከዚያ ቤት ውስጥ ፊቴን ሳፋ ውስጥ ነክሬ፣ ያለ ማስክ በስኖርክል (በአፍ በሚያዝ መተንፈሻ ቱቦ) ብቻ መተንፈስ እየተለማመድኩ ነው። ትናንት እስከ 40 ቆጠርኩ፤ ከዚያ አስነጠሰኝ።