በጌትዌዩ ዝርዝር ውስጥ ያልገባው ኮድ

ፌምቶሴል በቤት ወይም በቢሮ የሚቀመጥ፣ በደንበኛው የኢንተርኔት መስመር በኩል ከኦፕሬተሩ ኮር ኔትወርክ (ጥሪና ዳታን ከሚያስተዳድረው ማዕከላዊ ክፍል) ጋር የሚገናኝ ትንሽ የሞባይል ጣቢያ ነው፤ በኤልቲኢ (በ4ጂ) መደበኛ ስሙ ሆም ኢኖድቢ ነው። ስለዚህች ሣጥን ብዙ ይነገራል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከጀርባዋ፣ በሣጥኖቹና በኮር ኔትወርኩ መካከል የሚቆመው ጌትዌይ ነው።

በ3ጂ ጌትዌዩ ግዴታ ነበር፤ ፌምቶሴሏም አይዩኤች በሚባል ለብቻው በተዘጋጀ ኢንተርፌስ (የመገናኛ ሥርዓት) ታነጋግረው ነበር። በኤልቲኢ ግን የሞባይል ስታንዳርዶችን የሚያወጣው 3ጂፒፒ፣ ማማ ላይ ያለው ጣቢያ የሚጠቀምበትን ኤስ 1 የተባለ ኢንተርፌስ ራሱን ለትንሿ ሣጥንም ስለሰጣት፣ ያለ ጌትዌይ በቀጥታ ከኤምኤምኢ (በኮሩ ውስጥ የስልኮችን ምዝገባና ቦታ ከሚቆጣጠረው መሣሪያ) ጋር መገናኘት ትችላለች። ጌትዌይ የሚያስፈልገው የሣጥኖቹ ቁጥር ሲበዛ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ ከኤምኤምኢ ጋር የቁጥጥር መልእክቶች የሚጓጓዙበትን የራሱን የኤስሲቲፒ ግንኙነት ይከፍታል፤ የማማ ጣቢያዎች ደግሞ በባለሙያ ስለሚጠበቁ ግንኙነታቸው ቶሎ ቶሎ አይቋረጥም። በየቤቱ የገቡ ሣጥኖችን ግን ደንበኛው ማታ ነቅሎ ጠዋት ይሰካቸዋል። ጌትዌዩ ይህን ሁሉ መነቀልና መሰካት በራሱ ላይ አስቀርቶ ለኤምኤምኢ እንደ አንድ ጣቢያ፣ ለሣጥኖቹ ደግሞ እንደ ኤምኤምኢ ሆኖ ይቀርባል።

ይህ ድርብ ሚና ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ የተማርኩት ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሙከራ ሥራ ላይ ነው። ስልኩ በአዲሷ ሣጥን በኩል ይመዘገባል፣ ኢንተርኔት ይከፍታል፣ ይደውላልም፤ ለጥቂት ሴኮንዶች ሥራ ከፈታ (ዳታ መላክና መቀበል ካቆመ) በኋላ ግን ጥሪ አይገባለትም። ሁለት ቀን ሙሉ ችግሩን በሬዲዮው በኩል ስንፈልግ ቆየን። በመጨረሻ ጣቢያ ግንኙነት ሲከፍት ራሱን የሚያስተዋውቅባቸውን የኤስ 1 ሴትአፕ መልእክቶች ጎን ለጎን ከፍቼ ሳነጻጽር፣ ሣጥኗ ያቀረበችው የትራኪንግ ኤሪያ ኮድ (ስልኩ ያለበትን አካባቢ የሚለይ ቁጥር) 4102 ሆኖ ሳለ ጌትዌዩ ለኤምኤምኢ ባስመዘገበው ዝርዝር ውስጥ 4100 እና 4101 ብቻ ነበሩ። ኤምኤምኢ ሥራ የፈታን ስልክ ሲፈልግ የፔጂንግ (የስልክ መቀስቀሻ) መልእክቱን የሚልከው ያንን ኤሪያ ላስመዘገቡ ጣቢያዎች ነው፤ 4102ን ያስመዘገበ ስላልነበረ ጥሪው የሚሄድበት አልነበረውም። ኮዱን ጨምረን ጌትዌዩ የኮንፊገሬሽን አፕዴት (የለውጥ ማሳወቂያ) መልእክት እንደላከ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ።

ሣጥኗ የምትጠቀምበትን ኮድ ጌትዌዩም መደገፍ እንዳለበት ስታንዳርዱ በግልጽ ይደነግጋል፤ አንድ ጌትዌይ የያዘውን የኤሪያ መለያ ሌላ ጌትዌይ እንዳይጋራውም ያሳስባል። ምክንያቱ ሃንድኦቨር፣ ማለትም ስልኩ ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላ ሲሻገር ግንኙነቱን ማስተላለፍ ነው። የማማ ጣቢያ መለያ 20 ቢት ሲሆን የሣጥኗ ግን 28 ቢት ነው፤ ኤምኤምኢም ሣጥኗን በቀጥታ ስለማያውቃት፣ የሃንድኦቨሩን ትእዛዝ ወደ ትክክለኛው ጌትዌይ የሚመራው በኤሪያው መለያ ነው።

ሌላው ውሳኔ የተጠቃሚው ዳታ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ይህን ዳታ የሚያጓጉዘው የኤስ 1 ክፍል፣ ኤስ 1-ዩ፣ በጌትዌዩ በኩል ሊያልፍ ወይም ከሣጥኗ በቀጥታ ወደ ሰርቪንግ ጌትዌይ (የተጠቃሚውን ዳታ ወደሚያስተላልፈው ሌላ የኮሩ መሣሪያ) ሊሄድ ይችላል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሲግናሊንጉን (የቁጥጥር መልእክቶቹን) በጌትዌዩ መሰብሰብ ኤምኤምኢን ከጫና ያድነዋል፤ ቪዲዮና ድምፅ ግን በአንድ ተጨማሪ መሣሪያ በማለፋቸው የሚያገኙት ብዙ ጥቅም የለም፣ የጌትዌዩንም አቅም ይበላሉ። በዚህ አሠራር ሰርቪንግ ጌትዌዩ ብዙ አድራሻዎችን መከታተል ስለሚኖርበት አቅሙን አስቀድሞ መፈተሽ ያስፈልጋል።

የደኅንነቱ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ሣጥኗ በሕዝብ ኢንተርኔት ላይ ስለምትመጣ፣ ወደ ኮሩ ከመግባቷ በፊት በሴኩሪቲ ጌትዌይ ማንነቷ ተረጋግጦ በአይፒሴክ ቱኔል (በተመሰጠረ መስመር) ውስጥ ትገባለች። ነገር ግን የሬዲዮው ምስጠራ የሚያበቃው እዚያው ሣጥኗ ውስጥ ነው፤ ዳታው ተፈትቶ ወደ አይፒሴክ እስኪገባ ድረስ ግልጽ ሆኖ ይቆያል። በ2013 የደኅንነት ኩባንያው አይሴክ ፓርትነርስ ተመራማሪዎች ላስ ቬጋስ በተካሄደው ብላክ ሃት የደኅንነት ጉባኤ ላይ፣ በአሜሪካው ኦፕሬተር በቬራይዘን ደንበኞች እጅ የነበረ የ3ጂ ፌምቶሴል ውስጥ ገብተው ጥሪና መልእክት መጥለፍ እንደሚቻል አሳይተዋል። ቱኔሉ በዚህ ጊዜ ምንም ሊከላከል አይችልም፤ አጥቂው ያለው ቱኔሉ ከሚጀምርበት ነጥብ በፊት ነውና። ስለዚህ አዲስ ሣጥን ለሙከራ ሲመጣልኝ የኤስ 1 መልእክቶችን ከማየቴ በፊት የኮንሶል መግቢያዋ (ውስጧን ለማዘዝ የሚያስችለው ወደብ) መዘጋቱን አረጋግጣለሁ።