ከጃን ሜዳ ሽቅብ

ኅዳር ውስጥ፣ እሑድ ማለዳ፣ ከሜክሲኮ በታክሲ ተሳፍሬ አራት ኪሎ ወረድኩና ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደውን ዳገት በእግሬ ተያያዝኩት። ብብቴ ሥር ረዘም ያለ ካርቶን ይዣለሁ። ውስጡ ሁለት ሳምንት ሙሉ የደከምኩባት፣ ከዕቃ ማሸጊያ ፎም በምላጭ የቀረጽኳት ሞተር አልባ አውሮፕላን አለች። ብርዱ ገና አልለቀቀም፤ ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል።

ጃን ሜዳ ስደርስ ወዳጆቼ ቀድመውኛል። ሣሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል፤ ከወዲያ ማዶ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አቧራውን ያስነሱታል። ውድድራችን የወዳጅነት ነው። እያንዳንዱ ሰው አምስት ጊዜ ይወረውራል፣ አውሮፕላኗ አየር ላይ የቆየችበት ጊዜ ይደመራል፣ የበለጠው ምሳ ይጋበዛል። ያሰባሰበን ጀርመን አገር ሳለ እውነተኛውን ግላይደር ማብረር የተማረ ወዳጃችን ነው።

እስከ አራት ሰዓት የረባ ነገር አልታየም። የማናችንም ከ15 ሰከንድ አላለፈም። ወዳጃችን ግን አንድም ጊዜ አልወረወረም፤ አንገቱን አቅንቶ ሰማይ ሰማዩን ያያል። "ጭልፊቶቹ ገና አልተነሡም" አለን።

ነገሩን በደንብ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ግላይደር ሞተር ስለሌላት ከተለቀቀችበት ቅጽበት ጀምሮ ቁልቁል እየተንሸራተተች ነው፤ ጥሩዋ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ትወርዳለች። ፀሐይ ያጋለችው መሬት ግን በላዩ ያለውን አየር ያሞቀዋል፤ የሞቀው አየር ቀልሎ ሽቅብ ይወጣል። የእሱ መውጣት ከእሷ መውረድ ከበለጠ አብራው ትነሣለች። የረጅም ርቀት ተወዳዳሪዎች የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው፤ በአንዱ ሞቃት አየር ውስጥ እየዞሩ ይወጣሉ፣ ከዚያ ያገኙትን ከፍታ በርቀት እየመነዘሩ ወደ ቀጣዩ ይንሸራተታሉ። ጥሩ ግላይደር ከአንድ ሜትር ከፍታ 50 ሜትር ርቀት ታወጣለች። ከጃን ሜዳ በላይ 1,000 ሜትር ከፍታ ብታገኝ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ቢሾፍቱ ትደርሳለች ማለት ነው፤ ያለ አንዲት ጠብታ ነዳጅ! ጀርመናዊው ክላውስ ኦልማንማ እ.ኤ.አ. በ2003 በአንዲስ ተራሮች ላይ፣ ነፋሱ በሚፈጥረው የአየር ማዕበል እየታገዘ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ በርሯል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ በስድስት ኪሎ በኩል ካሉት የቆርቆሮ ጣሪያዎች በላይ አንድ ጭልፊት መዞር ጀመረ። ክንፉን አንዴም አላራገበም። የክንፉ ጫፍ ላባዎች እንደ ጣት ተከፍተዋል፤ ጅራቱን ወዲህና ወዲያ እያጣመመ ይዞራል፣ በየዙሩም ከፍ ይላል። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው ተከተለ።

"አሁን!" አለ ወዳጃችን።

ከሁላችን ቀድሞ የሮጠው አብሮን የመጣው የ12 ዓመት ልጅ ነበር። የእሱ አውሮፕላን አፍንጫ ላይ ለክብደት ባለ አንድ ብር ሳንቲም በፕላስተር ተለጥፏል። ወረወራት። ቁልቁል ትመጣለች ብለን ስንጠብቅ አንዱ ክንፏ ብድግ አለ፣ ዞረች፣ በዛፎቹ ቁመት ላይ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ መውጣት ጀመረች። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠናል። ልጁ ብቻ እጄን እየጎተተ "ጋሼ፣ እየወጣች ነው! እየወጣች ነው እኮ!" ይላል። ሦስተኛው ደቂቃ ሲሞላ ከጭልፊቶቹ ሥር ነጭ ነጥብ ሆና፣ ነፋሱ ወደ ስድስት ኪሎ ይዟት ሄደ።

በእውነተኛው ውድድርም የሚያነሣ አየር ያጣ አብራሪ ያገኘው ማሳ ላይ ያርፋል፤ ጓደኞቹም ተጎታች ይዘው ፍለጋ ይወጣሉ። እኛ በእግራችን ወጣን። ከአንድ ሰዓት በላይ በየደጃፉ እየጠየቅን ከዞርን በኋላ አንዲት እናት በራቸውን ከፈቱልን። አውሮፕላኗን ከረከቦቱ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጠዋታል።

"የኔ ናት፣ እማማ" አለ ልጁ።

"ያንተ ናት? እኔ እኮ እርግብ መስላኝ ነበር። ኮሽ ሳትል ነው ግቢዬ ውስጥ ያረፈችው።" ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሳንቲሟን አወጡ። "ይህችም ወድቃ አገኘኋት። እንካ ልጄ።"

ልጁ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሳንቲሟን መልሶ ለጠፋት።