መሬቱ ተከፋፍሏል፣ ደብተሩ ግን አልተከፋፈለም

ገጠር ቤተሰብ ያለው ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። አባት ያርፋል። አርባው ይወጣል። ከዚያ ልጆቹ ይሰበሰቡና ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ማሳው በገመድ ይለካል፣ የድንበር ድንጋይ ይተከላል፣ ሁሉም የድርሻውን ያርሳል። በየስማቸው ለማስመዝገብ ወረዳ ሲሄዱ ግን የሚሰሙት መልስ አንድ ነው፦ ከዝቅተኛው የይዞታ መጠን በታች ስለሆነ አይቻልም፣ በጋራ ተጠቀሙ።

የአክስቴ ልጆች የገጠማቸው ይኸው ነው።

ደንቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 በውርስ የሚተላለፍ መሬት ከዝቅተኛው መጠን እንዳያንስ ደነገገ፤ ዝርዝሩን ክልሎች በየራሳቸው ሕግ አወጡ። ኦሮሚያ ለምሳሌ በ1999 ባወጣው አዋጅ ለዓመታዊ ሰብል ግማሽ ሄክታር፣ ለቋሚ ተክል ደግሞ ሩብ ሄክታር ብሎ ወሰነ። በ1967ቱ የደርግ የገጠር መሬት አዋጅ ጊዜ ጭቅጭቁ ስለ ጣሪያው ነበር፤ ማንም ከ10 ሄክታር በላይ አይያዝ ነበር የተባለው። ዛሬ የምንከራከረው ስለ ወለሉ ነው።

የሕጉ ሐሳብ ይገባኛል። ሁለት ጥማድ መሬት ለአራት ልጅ ሲሸነሸን በሬ እንኳ በቅጡ አይዞርበትም። ግን ደንቡ ክፍፍሉን አላስቆመውም። ሰው ጎጆ ይወጣል፣ ልጅ ይወልዳል፣ መብላት አለበት፤ ስለዚህ መሬቱ እንደሆነ ይከፋፈላል። የቀረው ነገር ክፍፍሉ ወረቀት ላይ አለመስፈሩ ብቻ ነው። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ወይ በሟች ስም ይቆያል ወይ ታላቅየው በስሙ ያዞረዋል።

ሰዉን የሚያስጨንቀውም ይሄ ነው። ነገ መንገድ ቢመጣና ካሳ ቢከፈል ገንዘቡ የሚሰጠው ስሙ ደብተሩ ላይ ላለው ሰው ነው። አሁን ደግሞ በ2016 የወጣው አዲሱ አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል። ጥሩ ነገር ነው፣ ገበሬው ብድር ያስፈልገዋል። ግን ታላቅ ወንድም ደብተሩን አስይዞ ቢበደርና መክፈል ቢያቅተው፣ ስማቸው የትም ያልተጻፈ ሦስት ታናናሾች ምን ይዘው ይከራከራሉ? ሽማግሌዎቹ የተከሉትን ድንጋይ?

ከሁሉም የሚጎዱት ሴቶቹ ናቸው። ሌላ ቀበሌ ያገባች እህት መጥታ አታርስም፣ ምርቱን ከሚያርሰው ጋር ልትካፈል በእኩል ነው የምትሰጠው። ስሟ ካልተመዘገበ የእኩል ድርሻዋ በወንድሞቿ በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። መጀመሪያ ዓመት እህሉ ይላክላታል። ቆይቶ ይቀንሳል። ከዚያ «አንቺ ባልሽ መሬት አለው» ይባላል።

የቀበሌው ነዋሪ ስብሰባ ላይ ሲጠየቅ የሚለው ብዙ አይደለም። መሬቱ በአንድ ደብተር ይቆይ፣ ግን የወራሾቹ ሁሉ ስም ከነድርሻቸው ይጻፍበት። ቢሮው «በጋራ ተጠቀሙ» ካለ በጋራ ይመዝግባ! ባልና ሚስት በአንድ ደብተር ይመዘገቡ የለም እንዴ? ለወንድምና እህት የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ዝቅተኛው ልክ ነው። ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርት የሚለማ ግማሽ ጥማድና ተዳፋት ላይ ያለ የጤፍ ማሳ በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም። ልኩ ሲወሰን የአገሩ ገበሬ ይጠየቅ፤ የትኛው መሬት ስንት አፍ እንደሚያበላ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

እናንተም ቤተሰባችሁ ገጠር ከሆነ ዛሬ ደውሉና ደብተሩ ላይ የማን ስም እንዳለ ጠይቁ። የሟች ስም ከሆነ ሽማግሌዎቹ በሕይወት እያሉ ክፍፍሉን በጽሑፍ አስፈርሙ፣ የእህቶቻችሁንም ስም አስገቡ።