ያልተከፈተው ብርድ ልብስ

ሥራዬ ለአጫጭር ፊልሞች ዕቃ ማዘጋጀት ነው። ቀረጻ ቦታ ላይ "ፕሮፕ" እያሉ ይጠሩኛል። ተዋናዩ የሚነካውን፣ ከጀርባው የሚታየውን ሁሉ ገዝቼ፣ ተከራይቼ ወይም ለምኜ አመጣለሁ። ተመልካቹ እዚያ ቤት ማን እንደሚኖር ገና ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት ሲገባው ደስ ይለኛል።

ያኔ የምንሠራው ፊልም ስለ አንድ ጡረተኛ ሹፌር ነበር። ልጃቸው ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራለች። እሳቸው አዲስ አበባ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ስልኳን ይጠብቃሉ። ስክሪፕቱ "የልጃቸውን ፎቶ እያዩ ይተክዛሉ" ይላል። ዳይሬክተሩም ትልቅ ፎቶ በፍሬም ሆኖ ግድግዳው ላይ እንዲሰቀል ፈለገ። ለእኔ አልተዋጠልኝም። እንዲህ ያለ ፎቶ ተሰቅሎ ያየ ሰው ልጅቷ የሞተች ነው የሚመስለው። ደግሞ ፎቶው የልጅቷን መልክ ያሳየናል እንጂ የአባትየውን ጠባይ አይነግረንም።

እኔ ያቀረብኩት ብርድ ልብስ ነበር። ታውቁታላችሁ፤ ከአረብ አገር የሚላከው፣ ወፍራሙ፣ ነብር ወይም ጽጌረዳ ያለበት፣ ባለዚፕ ላስቲክ ቦርሳ ውስጥ ታጥፎ የሚመጣው። በስንቱ ቤት ቁምሳጥን ላይ ሳይከፈት ዓመታት ይቀመጣል! ሰውየው በሳሳ ጋቢ ይተኛሉ፤ ብርድ ልብሱ ከነላስቲኩ ከበላያቸው ተቀምጧል። ይህን ያየ ተመልካች የምታስባቸው ልጅ እንዳለች ያውቃል። እሷ የላከችውን ለመጠቀም እንደሚሳሱም ያውቃል። ዳይሬክተሩ ትንሽ አንገራገረና ተስማማ።

ሌላው ዕቃ ብዙ አላስቸገረም። የባትሪው ክዳን ጠፍቶ በላስቲክ የታሰረ ራዲዮ ከምናለሽ ተራ አገኘን። አዲሱ ነጭ አንሶላ መብራት ሲያርፍበት ዓይን ስለሚወጋ ሻይ አፍልተን ነከርነው። ረከቦቱ ላይ ሁለት ስኒ ብቻ አስቀመጥኩ፤ አንዱን ደፍቼ። ታሪኩ በ2010 የሚሆን ስለነበር ለጡረታው ትዕይንት የድሮውን ብር መፈለግ ግድ ሆነ። ብሩ የተቀየረው በመስከረም 2013 ነው፤ ባለ 200 ብሩም የመጣው ያኔ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ተመልካች አያይም የሚሉ አሉ። ያያል! አንድ ሰው ካየ ደግሞ ለጎረቤቱ ይነግራል።

ቅዳሜ ብርድ ልብሱ ያለበትን የመጀመሪያ ሾት አነሳን። በማግስቱ እሑድ ጠዋት ስደርስ ብርድ ልብሱ አልጋው ላይ ተዘርግቷል። አዲሱ ረዳት ክፍሉ ደመቅ እንዲል ብሎ ነው። ዚፑ እምቢ ሲለው በኃይል ጎትቶ ቦርሳውን ከአናቱ እስከ ወገቡ ቀዶታል። ልጁ ክፉ አላሰበም፤ ደንግጦ መናገር እንኳን አቅቶታል። ግን የቀረን ትዕይንት ሁሉ በዚያ ባልተከፈተ ቦርሳ ላይ የቆመ ነው። በፕላስተር ቢለጠፍ መብራት ላይ ያብለጨልጫል። ሌላ እንዳንገዛ መርካቶ ዝግ ነው።

ግርግራችንን የሰሙ የግቢው እናት ብቅ አሉ። "ምን ጠፍቶባችሁ ነው ልጆቼ?" ነገርናቸው። ምንም ሳይሉ ወደ ቤታቸው ገቡና ከቁምሳጥናቸው ላይ የራሳቸውን አስወርደው ሰጡን። የእኛ ነብር ነበር፣ የሳቸው ጽጌረዳ። ስለዚህ የትናንቱን ሾት ደግመን ማንሳት ነበረብን። ግን ምን ዓይነት ዕቃ መሰላችሁ! ላስቲኩ ቢጫ መትቷል። አቧራው ከላይ ተጋግሯል፤ ጎኑ ንጹህ ነው። የዚፑ ራስ ተሰብሮ በቀይ ክር ታስሯል። አንዱ ፊት ላይ በወፍራም እስክሪብቶ "ለእማዬ" ተብሎ ተጽፏል። እሱን ወደ ግድግዳው አዞርነው። የመብራቱ ልጅ አቧራውን ሊጠርግ ጨርቅ ሲያነሳ እጁን ያዝኩት። ያን አቧራ ዱቄት ነስንሼ ልሠራው ብል እንደዚያ አይሆንልኝም።

"ብቻ እንዳትከፍቱት" አሉን እናትየዋ።

አባትየውን የሚጫወቱት አንጋፋ ተዋናይ አጠገባችን ቆመው ነበር። "እማማ፣ ለምን አይለብሱትም? ክረምቱ ይከብዳል እኮ" አሏቸው።

"እሷ ስትመጣስ ምን ልትለብስ ነው?"

ጋሼ መልስ አልሰጡም። ሄደው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ለብዙ ጊዜ ማንንም አላናገሩም። እኔ ለተዋናይ ዕቃ ስሰጥ ታሪኩንም አብሬ እነግራለሁ፤ ከየት መጣ፣ ማን ሰጠው፣ ለምን አልተጣለም። የዚያን ቀን ግን የዕቃው ባለቤት ራሳቸው ነገሩልኝ። ከዚያ በኋላ ስክሪፕት በተሰጠኝ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ያ ሰው ቤቱ አስቀምጦ የማይጠቀምበት ዕቃ ምን እንደሆነ ነው። አንዳንዱ ጸሐፊ ይህን ሲጠየቅ ሰውየውን በደንብ እንደማያውቀው ራሱ ያስተውላል።

ካሜራው ሲነሳ ጋሼ ስክሪፕቱ ላይ የሌለ ነገር አደረጉ። ወንበር ላይ ወጥተው ብርድ ልብሱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ዚፑን ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ዳሰሱት፤ መዘጋቱን የሚያረጋግጡ ይመስላሉ። መልሰው ገፉት። ወርደው ጋቢያቸውን ተከናነቡና ተኙ።

ዳይሬክተሩ እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ቀጥሎ የነበረውን "ልጄ ናፈቀችኝ" የሚል ንግግር እዚያው ሰረዘው። ጋሼም "እኔም ልልህ ነበር" አሉት። ቅር ያለው ድምፅ ቀጂው ብቻ ነው፤ የጣታቸው ድምፅ ዚፑ ላይ ሲሄድ ጥርት ብሎ እንዲገባለት፣ ማይኩን አስጠግቶ አንዴ አስደገማቸው።