ናሚ ደርሳችሁ ቹንቾንን ሳታዩ እንዳትመለሱ

የኮሪያ ድራማ የሚከታተል ሰው ናሚ ደሴትን ስሟን ባያውቅ እንኳ መልኳን ያውቀዋል። ግራና ቀኝ ቀጥ ብለው ወደ ላይ የወጡ ረጃጅም ዛፎች፣ በመሐላቸው የእግር መንገድ፣ መንገዱ ላይ አንገታቸውን በሻርፕ የጠቀለሉ ሁለት ወጣቶች። ይህ ምስል ዓለምን የዞረው የኮሪያው ኬቢኤስ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳየው «ዊንተር ሶናታ» በተባለ ባለ 20 ክፍል ድራማ ነው። ለማታውቁት ባጭሩ፦ ጁን ሳንግና ዩ ጂን የሚባሉ ሁለት የቹንቾን ከተማ ተማሪዎች ይዋደዳሉ፣ ከክላስ ፎርፈው እዚህች ደሴት ላይ ሲንሸራሸሩ ይውላሉ፣ ከዚያ ልጁ በመኪና አደጋ ሞተ ይባላል፣ ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ ቁርጥ እሱን የሚመስል ሰው ከች ይላል። ከዚህ በላይ አልነግራችሁም። ያላየ ይየው።

የሄድኩት ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሲገባ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን ነው። አብራኝ የነበረችው ሴኡል የምትማረው የአክስቴ ልጅ ናት። ቋንቋውንም መንገዱንም ስለምታውቅ ሁሉን ነገር ለእሷ ትቼ ከባቡሩ መስኮት ዓይኔን አልነቀልኩም። ባቡሩ አይቲኤክስ ቾንግቹን ይባላል፤ ከዮንግሳን ወይም ከቾንግንያንግኒ ጣቢያ ትይዙታላችሁ፣ ለደሴቷ ቅርብ የሆነው ጣቢያ ጋፕዮንግ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቅዳሜና እሁድ ትኬት ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም ብሎ መቁረጥ ነው። ከጣቢያው እስከ ጀልባው መሳፈሪያ በታክሲ ቅርብ ነው፣ አውቶቡስም አለ። ድፍረት ያለው ደግሞ በብረት ገመድ ተንጠልጥሎ ወንዙን ከላይ እየተንሸራተተ ይሻገራል። ገመዱ ከ900 ሜትር ይበልጣል። እኛ በጀልባ ተሻገርን።

መሳፈሪያው ላይ እንደ አገር ድንበር ኬላ የተሠራ በር አለ። ደሴቷ እ.ኤ.አ. በ2006 «ናሚናራ ሪፐብሊክ» ብላ ራሷን እንደ ትንሽ አገር አውጃለች፤ የራሷ ባንዲራ አላት፣ የመግቢያ ትኬቷንም ቪዛ ነው የምትለው። ቱሪስት ለመሳብ የታሰበ መሆኑ ግልጽ ነው፣ ግን ሰውን ፈገግ ያሰኛል፣ ልጆች ደግሞ የእውነት ያምኑታል። ጀልባው 5 ደቂቃም አይሞላ። ከእኛ ጋር የተሳፈሩት ሂጃብ የለበሱ የኢንዶኔዥያና የማሌዥያ ወጣቶች፣ ልጆቻቸውን ያዘሉ ኮሪያውያንና አንድ ላይ የመጡ አረጋውያን የጃፓን ሴቶች ነበሩ።

ደሴቷ ትንሽ ናት፣ 46 ሄክታር ገደማ። የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አላት፣ ሳትቸኩሉ ብትዞሯት ከግማሽ ቀን አታልፍም። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሜታሴኮያው መንገድ ነው፤ እነዚያ ድራማው ላይ የሚታዩት ረጃጅም ዛፎች ሜታሴኮያ ነው የሚባሉት። እኛም እንደዚያው። እውነቱን ለመናገር እዚያ መንገድ ላይ ብቻውን ፎቶ መነሳት የሚችለው በመጀመሪያው ጀልባ የመጣ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ሰውን ይጠብቃል፤ አንዱ ጥንድ ሲጨርስ ሌላው ይገባል። ግን ማንም አይጋፋም፣ ማንም አይቆጣም፣ የማያውቃችሁ ሰው ስልካችሁን ተቀብሎ ጎንበስ ቀና እያለ ያነሳችኋል። ቀና ብላችሁ ስታዩ የዛፎቹ ጫፍ ሊገናኝ ትንሽ ነው የሚቀረው። በዚያ ሰሞን ቅጠላቸው የጡብ ቀለም ይይዛል፤ ከላይ እንደ ደቃቅ ብናኝ ቀስ እያለ ፀጉር ላይ ይወርዳል።

ከመንገዱ ትንሽ ዞር ስትሉ የሁለቱ ተዋናዮች፣ የቤ ዮንግ ጁንና የቾይ ጂ ዉ የነሐስ ሐውልት አለ። ቆም ብዬ የማስታውሰው እዚህ ያየሁትን ነው። ከጀልባው አብረውን የወረዱት የጃፓን ሴቶች ተራ በተራ ከሐውልቱ አጠገብ ቆሙ። አንዷ፣ እድሜያቸው ከ70 የሚያልፍ ይመስለኛል፣ ፎቶ ከመነሳታቸው በፊት የእጅ ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡ፣ ፀጉራቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ የወንዱን ክንድ በቀስታ ያዙ። የአክስቴ ልጅ በኮሪያኛ ሰላም ስትላቸው በኮሪያኛ መለሱላት። ቋንቋውን የት ተማሩ ብትላቸው፣ ከዚህ ድራማ ተነስቼ ነው የተማርኩት አሉ።

ይህ የእሳቸው ብቻ ታሪክ አይደለም። ድራማው እ.ኤ.አ. በ2003 በጃፓኑ ኤንኤችኬ ከታየ በኋላ ጃፓን ውስጥ በተለይ በእድሜ ገፋ ያሉ ሴቶች ወንዱን ተዋናይ ቤ ዮንግ ጁንን «ዮን ሳማ» እያሉ አከበሩት፣ በቡድን በቡድን ሆነው ወደ ኮሪያ መጉረፍ ጀመሩ። ኮሪያና ጃፓን በቅኝ አገዛዝ ዘመን ቁስል የተነሳ እንዴት እንደሚተያዩ ለሚያውቅ ሰው፣ አንዲት የጃፓን እናት በኮሪያ መንደርተኛ ፍቅር ተስባ ቋንቋውን እስከ መማር መድረሷ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ድራማ ጊዜ ማባከኛ ነው የሚሉትን ሰዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ አልሰማቸውም።

ግን ድራማው ሰው አመጣ እንጂ ደሴቷን አልሠራትም። ይህን የማነሳው ብዙ ጎብኚ ሳያውቀው ስለሚመለስ ነው። ናሚ በመሠረቱ ደሴትም አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1944 የቾንግፕዮንግ ግድብ ተሠርቶ የቡክሃን ወንዝ ውኃ ከፍ ሲል ዙሪያዋ ተከበበና ደሴት ሆና ቀረች። ስሟን ያገኘችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ጄኔራል ናሚ ነው፤ ገና በሃያዎቹ እድሜ በአገር ክህደት ተከሶ የተገደለ ሰው ነው፣ መቃብሩ ነው የሚባል የድንጋይ ክምርም እዚያው አለ። መሬቱ አሸዋማ፣ ኦቾሎኒ የሚዘራበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ሚን ብዮንግ ዶ የተባሉ የኮሪያ ማዕከላዊ ባንክ ገዥ የነበሩ ሰው ገዙትና ዛፍ መትከል ጀመሩ። የሜታሴኮያዎቹ ችግኞች የመጡት በ1977 ነው። አስቡት፣ ካሜራው ሲመጣ ዛፎቹ 25 ዓመት ሞልቷቸዋል። የተከለ ሰው ባይኖር ኖሮ የሚቀረጽ ነገርም አይኖርም ነበር።

በመሐል ደሴቷ ተጎሳቁላም ታውቃለች። ሰው የሚጠጣባት፣ የሚጮህባት፣ ቆሻሻ የሚጥልባት የሽርሽር ቦታ ሆና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ካንግ ዉ ህዮን የተባሉ የልጆች መጽሐፍ ሠዓሊ አስተዳደሩን ሲረከቡ የመጀመሪያ ሥራቸው ያንን ቆሻሻ ማንሳትና መልሶ ጥቅም ላይ ማዋል ሆነ። ሶጁ የሚባለው የኮሪያ መጠጥ አረንጓዴ ጠርሙሶች ተደርድረው ግድግዳ ሆነዋል። ፀሐይ ከጀርባ ሲመታቸው መሬቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ እጄን አስገብቼ አየሁት፣ ጣቶቼም አረንጓዴ ሆኑ። ከዚህ የባሰ የገረመኝ ግን ጊንኮ የሚባለው ዛፍ ያለበት መንገድ ነው። የደሴቷ ቅጠል ቶሎ ስለሚረግፍና ስለሚጠወልግ፣ ሴኡል ውስጥ ሶንግፓ የሚባለው ክፍለ ከተማ ከየመንገዱ የሚጠርገውን ቢጫ የጊንኮ ቅጠል ወደዚህ ይልካል። ከተማው ውስጥ ቆሻሻ የነበረው እዚህ ሲነጠፍ ምንጣፍ ነው። ሕፃናት እየተንከባለሉበት ነበር። የአዲስ አበባ ጽዳት ባለሙያዎቻችን ጠዋት ጠዋት የሚከምሩትን ቅጠል አስታወሰኝ፤ እኛም አንድ ነገር ብናስብበት እላለሁ።

ምሳ እዚያው በላን። «የጥንት ምሳ ዕቃ» የሚሉት ነገር አለ። አሮጌ የቆርቆሮ ምሳ ዕቃ ውስጥ ሩዝ፣ የተጠበሰ ኪምቺ (በቅመም የተብላላ ጎመን) እና እንቁላል ገብቶ ምድጃ ላይ ይሞቃል። ሲሰጧችሁ ወፍራም ጓንት አብረው ይሰጧችኋል። ጓንቱን አጥልቃችሁ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ ይዛችሁ በኃይል መነቅነቅ ነው፤ ስትከፍቱት ሁሉም ተደባልቆ ቀይ ሆኗል። «ኧረ በደንብ ነቅንቂው፣ ምን ታባብይዋለሽ!» አለችኝ የአክስቴ ልጅ። ታችኛው ሩዝ አረር ብሎ ተጣብቋል፣ በማንኪያ ፍቃችሁ የምትበሉት እሱ ነው ከሁሉም የሚጣፍጠው።

እስከዚህ ያለው ለማንም ቱሪስት ነው። አብዛኛው ሰው ከዚህ በጀልባው ተመልሶ በባቡር ወደ ሴኡል ይነጉዳል። እኛ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ሄድን፤ ከጋፕዮንግ ቹንቾን በባቡር 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ቹንቾን ውስጥ ጎንግጂቾን የሚባል ወንዝ ዳር «የኢትዮጵያ መንገድ» የሚባል ጎዳና አለ። የመንገድ ምልክቱ ላይ ተጽፎ ታዩታላችሁ። እዚያ የኮሪያ ዘማቾቻችን መታሰቢያ ሐውልት ቆሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መጥተው መርቀውታል። ከፊት ለፊቱ በ2007 የተከፈተው መታሰቢያ ሙዚየም ጣሪያው እንደ አገራችን ጎጆ ቤት ሾጠጥ ያለ ነው። ከሩቅ ሳየው ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ገባ። በተከታታይ በተላኩት ሻለቃዎች በአጠቃላይ ከ6 ሺህ በላይ ወታደሮች ተመላልሰዋል፣ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል፣ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። የተዋጉት ከቹንቾን በስተሰሜን ያሉት የህዋቾን ተራሮች ላይ ጭምር ነው። በረዶ አይተው የማያውቁ የደጋም የቆላም ልጆች እዚያ ብርድ ውስጥ ምሽግ ቆፍረው አደሩ። ሙዚየሙ ምድር ቤቱ የጦርነቱን ታሪክ ያሳያል፤ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። አፍንጮ በር ያለውን መታሰቢያ ደጋግሜ በታክሲ አልፌዋለሁ፣ ኮሪያ ሰፈርም ዘመድ አለኝ፣ ግን እነዚያ ወጣት ፊቶች እንደዚያ ቀን ልቤ ውስጥ ገብተው አያውቁም። ፎቅ ላይ ስለ ባህላችን የሚያሳይ ክፍል አለ። አንድ የኮሪያ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሲያዩ አገኘናቸው። ከየት እንደመጣን ጠየቁን። የአክስቴ ልጅ «ከኢትዮጵያ ነን» ስትላቸው ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ወገባቸውን አጥፈው እጅ ነሱን፣ ልጁንም እጅ አስነሱት። እኛም ጎንበስ ብለን መለስን። ምን ማለት ይቻላል? ምስጋናው የአባቶቻችን ነው፤ እኛ ተቀባይ ብቻ ነን።

ከሙዚየሙ አጠገብ «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ። የተከፈተው ንጉሡ በመጡበት በ1968 ነው፣ እስካሁንም ከወላጅ ወደ ልጅ ተላልፎ ይሠራል። ያኔ ኮሪያ ውስጥ ተቆልቶ የተፈላ ቡና ብርቅ ነበር፤ ጥሬ ቡናው ከቤተ መንግሥታችን ይላክላቸው እንደነበር ይተረካል። መስኮት ዳር ተቀምጠን ወንዙ ላይ በዳክዬ ቅርጽ የተሠሩ የፔዳል ጀልባዎች ሲመላለሱ እያየን ጠጣን። ቡናው ከእናቴ ጀበና ጋር አይወዳደርም፣ ቀጠን ይላል። ግን እዚያ አገር፣ እዚያ ስም ሥር፣ ከ50 ዓመት በላይ እየተቀዳ ነው።

ለሥልጠና፣ ለስብሰባ ወይም ለትምህርት ወደ ኮሪያ የምትመጡ ወገኖች፣ አስጎብኚዎች ናሚ አድርሰው እንደሚመልሷችሁ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ቹንቾንንም ጨምሩልን በሏቸው። በራሳችሁ የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት በመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች ናሚ ግቡ፣ ምሳ በልታችሁ ውጡ፣ ከሰዓት በኋላውን ለቹንቾን ስጡት፤ ሙዚየሙ የሚዘጋበትን ቀንና ሰዓት ግን አስቀድማችሁ አጣሩ። እራታችሁን እዚያው ዳክጋልቢ ብሉ፤ ዶሮ በቀይ በርበሬ ድልህ ተለውሶ ትልቅ ብረት ምጣድ ላይ ፊታችሁ የሚጠበስ ነው፣ የቹንቾን ዋና ምግብ ነው፣ ለሐበሻ አፍ ይስማማል። ማታ ላይ ወደ ሴኡል የሚመለስ ባቡር አታጡም።