ያልታየው ጭራቅ

ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ከከበደ ወዲህ ፊልም ከማየት በቀር ምንም አያሰኘኝም። ኔት ሲጠፋ ከፍላሽ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የስልኬ ባትሪ እስከቻለ። ያገኘሁትን አያለሁ። አስፈሪ፣ የጠፈር፣ አኒሜሽን፣ አልመርጥም። የፊልም ሰው አይደለሁም፤ ግን የሚይዘኝና የማይዘኝ አሁን አሁን ተለይቶልኛል።

ከተማ የሚፈርስበት ዓይነት አይዘኝም። ጀግኖቹ ይበራሉ፣ ፎቅ ይናዳል፣ ሰማይ ይቀደዳል። ፍላሹን የሚሞላልኝ ጓደኛዬ ለዚህ ነው የሚሞተው። እኔ ግን ያ ሁሉ ሕንፃ ሲወርድ ውስጡ ስለነበሩት ሰዎች አንድም የሚጠይቅ አለመኖሩ ይከብደኛል።

ከአስፈሪዎቹ የድሮዎቹ ይበልጡብኛል። በፈረንጆቹ 1975 የወጣው የሻርኩ ፊልም፣ ጆውስ፣ አሁንም ያስፈራኛል። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ሻርኩን በማሽን አሠርቶ ነበር። ማሽኑ ባሕር ሲገባ እየተበላሸ አስቸገረው። ስለዚህ ሻርኩን ደብቆ ውሃውን አሳየን፤ ሻርኩ የሚጎትተውን በርሜል፣ የሰዎቹን ፊት። በ1979 የወጣው የጠፈር አውሬው ፊልም፣ ኤሊየንም፣ እንዲሁ ነው። አውሬውን ሆኖ የተጫወተው ቦላጂ ባዴጆ የሚባል ናይጄሪያዊ ነው፤ ቁመቱ ከ2 ሜትር ያልፋል። ያን የሚያህል ሰው ይዘው፣ ሁለት ሰዓት በሚጠጋ ፊልም ውስጥ ያሳዩን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የቀረው ጨለማና የብረት ድምፅ ነው።

እምዬ በሕይወት ኖራ ይሄን ብነግራት አይገርማትም ነበር። ጭራቅ ምን እንደሚመስል አንድም ቀን ነግራን አታውቅም። እሳት ዳር ተኮልኩለን «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» እንላለን። ጭራቁ ይመጣል፣ ኮቴው ይሰማል፣ «ሰው ሰው ይሸተኛል» ይላል። በቃ። ቀንዱን፣ ጥርሱን፣ እጁን የምንሠራው እኛ ነን። ወንድሜ የሠራው ጭራቅ ዓይን እንዳልነበረው የነገረኝ ሁለታችንም ካደግን በኋላ ነው። የእኔው ደግሞ ዓይኑ ብቻ ነበር የሚታየኝ። አባባ ተስፋዬም በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩልን የያዘን ድምፃቸውና ፊታቸው ነበር።

አኒሜሽን ማየት የጀመርኩት በሚጣ ምክንያት ነው። አብዛኛው ጩኸት ይበዛበታል። የሃያኦ ሚያዛኪ ቶቶሮ ግን ሌላ ነው። 1988 ላይ ጃፓን ውስጥ የተሠራ ነው። ክፉ ሰው የለበትም። ሁለት እህትማማቾች ከአባታቸው ጋር ገጠር ይገባሉ፤ እናታቸው ሆስፒታል ተኝታለች። ቤታቸው አጠገብ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ፣ እዚያ ቶቶሮ የሚባል ግዙፍ ጸጉራም ፍጡር ይኖራል። አባትየው ልጆቹን አጠገቡ አቁሞ ለዛፉ እጅ ይነሣል። ይሄን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በእርሻው መሀል ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ ደን ካየን ቤተ ክርስቲያን እንዳለ እናውቃለን። ዝግባውንም ወይራውንም አቆይቶልን ያለው ያ አክብሮት ነው።

ደጋግሜ የማየው የበቆሎውን ነገር ነው። ትንሿ ልጅ፣ ሜይ፣ እናቷ በቆሎ ብትበላ የምትድን መስሏታል። አንድ እሸት በሁለት እጇ ታቅፋ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ብቻዋን ወደ ሆስፒታል ትነሣለች። መንገድ ላይ ፍየል ሊነጥቃት ሲል የእማዬ ነው ብላ ትሸሻለች። መጨረሻ ላይ እሸቱ የሆስፒታሉ መስኮት ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ ልባሱ ላይ «ለእማዬ» ተብሎ ተጭሯል። እኔ ያደግሁት በቆሎ አገር ነው። እሸት ሲደርስ ለታመመ ዘመድ ይዞ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ከተማ ከሚያፈርሱት ሁሉ ይልቅ ያቺ አንዲት በቆሎ ሆዴን ታባባዋለች።

አኒሜሽን የልጅ ነው የሚል ሰው ደግሞ ከቶቶሮ ጋር አንድ ላይ ለተመልካች የቀረበውን ሌላውን ፊልም ይይ። የኢሳኦ ታካሃታ «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ» ነው። ቦምብ ቤታቸውን ያቃጠለባቸው ወንድምና እህት ናቸው፤ ከዚያ ረሃቡ ይመጣል። ታካሃታ ራሱ በልጅነቱ፣ 1945 ላይ፣ ከቦምብ ድብደባ ያመለጠ ሰው ነው። ትንሿ ልጅ ባዶውን የከረሜላ ቆርቆሮ ስታንቀጫቅል እዚያው አቆምኩት። ጨርሼዋለሁ፣ ግን በሌላ ቀን። ለሚጣ አላሳየኋትም። በዚህ ጊዜ፣ እዚህ ሆኖ፣ እሱን ማየት ከባድ ነው።

ቶቶሮን ስንጨርስ ሚጣ «የእኛን ጭራቅስ ለምን አይሠሩትም?» አለችኝ። እውነት ለምን? ጢስ ዓባይ አለን፣ ጣና አለ፣ በየደብሩ ደን አለ፣ ማታ ማታ የሚጮኽ ጅብ አለ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢሥለው እንዴት ደስ ባለኝ! ግን ከዚያ በኋላ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ጭራቅ ነው የሚኖራቸው፤ ዓይን የሌለው የወንድሜ ጭራቅ ዳግም አይወለድም። ደግሞ እምዬ የለችም። እኔም እንደሷ መተረት አልችልበትም። ካልተሣለ ሚጣ ጭራሹን ጭራቅ ላይኖራት ነው። የቱ ይሻላታል?